አንጁሎ «አቻ» ያለ ቀን

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የነፍስ አባቴም ቁጣዬንና ሐሜቴን ሲሰሙ ኖሩ እንጂ ይህቺን አልነገርኳቸውም። ለእናንተ የምናዘዘው ስለማታውቁኝ ነው፤ የፈሪ ኑዛዜ እንዲህ ነው።

ሶዶ ውስጥ፣ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጋሽ በላይ ጋራዥ ነበር። አሁን የእኔ ነው። ጋሽ በላይ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ የቀሩ መካኒክ ነበሩ፤ ያን ሁሉ ዓመት ኖረው ወላይትኛቸው ከሰላምታ አላለፈም። እኔና አንጁሎ ሙያውን የተማርነው ከእሳቸው ነው። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ አንጁሎ ከቢጠና የመጣ፣ ያኔ አማርኛው ገና ያልተፈታ። ከቤተሰቡ ዘንድ ሲመለስ ቦዬ የምንለውን ሥራሥር ተቀቅሎ በፌስታል ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቤንዚን በሚሸት እጃችን ቦዬውን በዳጣ እያጠቀስን፣ በማይረባ ነገር እንባችን እስኪመጣ እንስቃለን። ያ ጊዜ በጣም ይናፍቀኛል። ግን ያበላሸው ሰው ናፈቀኝ ማለት ይችላል?

ጋሽ በላይ በወጣትነታቸው የተወዳደሩባት ባለ ሁለት በር መኪና ነበረቻቸው። ሞተሯ ደክሞ ቆማ ነበርና «ሳልሞት አንዴ ልንዳት» ብለው ለሁለታችን ሰጡን። ጋራዡን ለማን እንደሚተዉ እየመዘኑን እንደሆነም እናውቃለን። ሞተሩን አውርደን በታተንነው። አንጁሎ ፒስተኖቹን ከነቀለበቶቻቸው፣ እኛ ፋሻ ከምንላቸው ጋር፣ ገጠመ። እኔ ቺንጋውን ገጠምኩ። ቺንጋው ባለ ጥርስ ነው፤ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በሰዓቱ የሚያስኬደው እሱ ነው። በአንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሳጠብቀው የተንሸራተተ መሰለኝ። መሰለኝ? ኧረ አይቻለሁ! አይቼ «ምንም አይል» ብዬ ሽፋኑን ከደንኩት። ከአንጁሎ ቀድሜ ጨረስኩ ለማለት ብቻ ነው።

ሞተሩ ተነሳ፣ ግን ጉልበት አልነበረውም። ካንዴላዎቹን ፈትተን ኮምፕሬሽኑን፣ የየሲሊንደሩን ግፊት፣ ለካን። ጋሽ በላይ መሪው ጋ ተቀምጠው፣ ነዳጅ መስጫውን ረግጠው ሞተሪኖውን ያዞራሉ፤ ኮፈኑ ስለተከፈተ እኛንም መለኪያውንም አያዩም። አንደኛው ሲሊንደር ዝቅ አለ። ሁለተኛውም። አራቱም ዝቅ፣ አራቱም እኩል። አንጁሎ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ። ጥፋቱ የፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ልኬቱን ከፍ ባደረገው ነበር። መርፌው ንቅንቅ አላለም። የአንጁሎ ፊት በራ፤ የሞተሩን በሽታ አገኘው። ሲደሰት አማርኛው ይጠፋበታልና በወላይትኛ ጮኸ፦

«ኢሲ አቻ! አቻ!»

አቻ በወላይትኛ ጥርስ ነው። ቺንጋው በአንድ ጥርስ ተዛንፏል ማለቱ ነው።

ጋሽ በላይ ግን ከውስጥ ሆነው በአማርኛ ሰሙት። «አቻ ናቸው? አራቱም እኩል ናቸው ነው የሚለው?»

«አዎ ጋሼ፣ እኩል ናቸው» አልኩ።

«ዘይት ስትጨምሩስ?»

«ከፍ አለ።»

«እንግዲያው ፋሻ ነው። አንጁሎ፣ እርግጠኛ ነህ?»

አንጁሎ በደስታው መሃል የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ ሰምቶ፣ የእሱን ቃል ያደረስኩለት መስሎት እየሳቀ መለሰ፤ «እርግጠኛ ጋሼ! እርግጠኛ!»

ከፍ አለ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ በላይ የተሳሳቱት ቋንቋውን ስላላወቁ ነው። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ እያወቅሁ ዋሸሁ። አንዲት ቃል ባርም ምን ይቀርብኝ ነበር? ጋራዡ ይቀርብኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሞተሩ እንደገና ወረደ። የጥርሱን መዛነፍ የሚያሳየውን ምልክት አንጁሎ ሳያይ ቺንጋውን የፈታሁት እኔ፣ በኋላም አስተካክዬ የመለስኩት እኔ። ጋሽ በላይ በገዛ እጃቸው አዲስ ፋሻ አስገቡ። መኪናዋ ነብር ሆነች። ለአንጁሎ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣበት? ጋሽ በላይ አልሰደቡትም፤ ሞተር ግን ዳግመኛ አላስነኩትም። ጎማ ላይ አዋሉት። ክረምቱ ሳይወጣ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ። ዛሬ ሻንቶ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው፤ የሞተርን ሕመም ከእኔ ቀድሞ ያገኘ ሰው የተነፈሰ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል።

«ጥርስ ነው ብሎ ለምን አልተከራከረም? ቢከራከር እኮ አምን ነበር» እያልኩ ራሴን ሳባብል ዓመታት አለፉ። ጋሽ በላይ ያረፉ ጊዜ መልሱን አገኘሁ። አንጁሎ ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። አማርኛው ተፈትቷል።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ያኔ እኔ ጥርስ ነው ብዬ በአንተ ሥራ ላይ ጮኼ ነበር። ፋሻው ተቀይሮ ሲሠራ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ጋሼን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። አንተ እንኳ ይቅር በለኝ።»

ከገዛ ዓይኑ ይልቅ እኔን አምኖ ነው ያን ሁሉ ዘመን የኖረው። እውነቱን ልነግረው ወደ እሱ ዞርኩ። ዙሪያዬን ሳይ የሶዶ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ይቅር ብዬሃለሁ! ሙያውን የቀማሁትን ሰው ይቅር አልኩት። እሱም እፎይ ብሎ አለቀሰ፣ እጄንም ሳመ።

ልጅነት ነው አልልም፤ ድንኳኑ ውስጥ ልጅ አልነበርኩም። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ሰይጣን ቺንጋ አይገጥምም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩት ሰው ያለበትን አውቃለሁ። ዕቃ ላመጣ ስወጣ በሻንቶ አልፋለሁ። አንጁሎ መኪናዬን ከሩቅ ያውቃታል፤ ከጎማው ላይ ቀና ብሎ እጁን ያነሳልኛል። እኔም ክላክስ አድርጌለት አልፋለሁ።