የኮሪያ ታሪክ በደብረ ታቦር መናኸሪያ

«ምነው፣ መስቀል ይዞ መሀላቸው የሚገባ ቄስ አጡ እንዴ?»

እንዲህ ያሉኝ ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ስለ ኮሪያ ጦርነት።

እናቴ እብናት ከተማ ታማ ተኝታለች። ልሄድ ብወጣ መንገዱ በውጊያው ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ኔትወርክ በተገኘ ቀን ያወረድኩትን የኮሪያ ታሪክ ፖድካስት ከፍቼ ቁጭ አልኩ። (መንገዱ እንዲህ ከቀጠለ በኮሪያ ታሪክ መመረቄ ነው።)

«ምን እየሰማሽ ነው የምታለቅሺው ልጄ?» አሉኝ ቄሱ። እሳቸውም እንደኔ ወደ እብናት የሚሄድ መኪና እየጠበቁ ነው።

ነገርኳቸው። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ እናት ወዲያ ልጅ ወዲህ መቅረታቸውን፣ ሳይተያዩ አርጅተው መሞታቸውን። የቄስ ነገር ያነሱት ይኼኔ ነው።

«እንጃ አባ፤ ተኩሱ ቆመ እንጂ እስካሁን አልታረቁም» አልኳቸው።

ከጋቢያቸው ስር የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው አዩት።

«እኛስ መች ቄስ አጣን» አሉና መልሰው ከተቱት።

ወደ ቤት ተመለስኩ። የእናቴ ስልክ አይሠራም።

እናንተስ? ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት ቦታ ያለች እናቱን ማየት ያቃተው ሌላ ሰው አለ?