የሽማግሌው አሪስቲድ የመጨረሻ በርሜል

ከፈረንሳይ የወይን አገሮች ቦርዶ ሰፊ ነው፣ ቡርጎኝ ሀብታም ነው፤ የእኛ ዡራ ደግሞ ግትር ነው። ድሮ የወይን ቅማል ገብታ ተክሉን ከነሥሩ ስትጨርሰው ስንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የቀሩት ግትሮቹ ናቸው። ሴቭሪን ደግሞ የግትሮች ግትር ናት፤ ሰማይ ሲያጉረመርም እንኳ መልስ የምትሰጥ ሴት።

አባቷ ሽማግሌው አሪስቲድ ከመሞታቸው በፊት በመጨረሻው ለቀማ አንድ በርሜል ቢጫ ወይን ትተውላት ነበር። ቢጫ ወይን እንደ ሌላው አይደለም። ከስድስት ዓመት በላይ ምድር ቤት ይተኛል፤ እየተነነ ሲጎድልም አይሞላም። በጎደለው በኩል እርሾው እንደ ስስ ሻሽ ይዘረጋበትና ከአየር ይጠብቀዋል። ያ ሻሽ ካልተነካ ወይኑ ሲደርስ የተቆላ ለውዝ ይሸታል፤ ከተቀደደ ግን አቼቶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን እኛ ጋ ሕፃን ያውቀዋል።

አባቷ ካረፉ በኋላ ያገባችው ባሏ ኤምሪክ ግን የቡርጎኝ ልጅ ነው። በእነሱ አገር የጎደለ በርሜል ነውር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። እናም አንድ ጠዋት ሴቭሪን ወይን ስትገርዝ፣ ላስደስታት ብሎ ምድር ቤት ወረደና ያንን በርሜል እስከ አፉ ሞላው።

«በርሜሉን ጎድሎ አግኝቼው ሞላሁልሽ» አላት፣ ፊቱ በርቶ።

«እሰይ፣ ደግ ሠራህ! በል አሁን ደግሞ ሂድና የአባቴን መቃብር ቆፍርልኝ» አለችው።

እየሮጠች ጎረቤታቸው ሙሴ ሌዮንስ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ከአባቷ ጋር ያረጁ ወይን ጠማቂ ናቸው።

«የጨመረውን ቀስ ብለሽ ቅጂና ተይው። ካልነካካሽው እርሾው ይመለስ ይሆናል» አሏት።

«ካልተመለሰስ?»

«ሰላጣ ትበይበታለሻ።»

ቀዳችው፤ ከዚያም የምድር ቤቱን በር ቆለፈችው። ወይኑ እስኪደርስ ድረስ ጠብታ እንኳ እንዲቀዳ አልፈቀደችም። ፈራች፣ ምን ይደረግ! ስንት ክረምት ልቧ ተንጠልጥሎ ኖረ።

ወይኑ በደረሰበት ዓመት በየካቲት፣ ቢጫ ወይን በሚከፈትበት በዓል፣ መንደሩ በሙዚቃና በሰው ተጥለቀለቀ። ሴቭሪን፣ ባሏና ሙሴ ሌዮንስ ምድር ቤት ወረዱ። ሙሴ ሌዮንስ የመቅጃ ቧንቧ በመዶሻ መትተው በርሜሉ ውስጥ አስገቡ። ወይኑ ወርቅ መስሎ ወረደ! ሴቭሪን በብርጭቆ ቀድታ ለሙሴ ሌዮንስ ሰጠቻቸው።

«እኔ አልችልም፤ እርስዎ ይቅመሱት።»

ሙሴ ሌዮንስ ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርጭቆውንም ወደ ኤምሪክ ዘረጉ። «እንካ፣ አንተ ቡርጎኝ።»

ኤምሪክ ተቀብሎ ጠጣ። የተቆላ ለውዝ ሽታ አፍንጫውን ሞላው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምነው? ተበላሽቷል?» አለች ሴቭሪን።

«አባትሽን ለማወቅ አልታደልኩም ነበር» አላት። «ዛሬ ገና ተዋወቅን።»

ሴቭሪን ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ ጠጣች።