ፍራሽ ቤት የዋለው ችሎት

ቤት ውስጥ የሕግ ተማሪ ካለ ጨው አቀብይኝ ማለት እንኳ ክርክር ነው። ይህን ያወቅሁት ኮሮና የመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ልጄ ሕግ የምትማረው ሌላ ከተማ ስለነበር ጣጣው የሚደርሰው ለዶርም ጓደኞቿ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ግን ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ “ማስረጃሽ ምንድን ነው?” እባል ጀመር።

ሶዶ ውስጥ ፍራሽና ፕላስቲክ እሸጣለሁ። ሱቁን የከፈተው ከጉራጌ አገር የመጣው አባቴ ነው፤ ያስፋፋሁት እኔ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው፤ እሱ ደግሞ በኮሮናም አልተዘጋም። ያኔ ፍራሽ የሚገዛ ጠፍቶ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ነበር የሚሸጠው። ሰው ሁሉ እጅ መታጠቢያ ብሎ በሩ ላይ ባልዲ አስቀመጠ። ውሃ የሚጨምርበት ግን ጥቂቱ ነው።

እንዲህ ባለው ጊዜ “ትምህርቱ በቴሌግራም ይቀጥላል” ተባለ። እንዴት እንደሚቀጥል የጠየቀ የለም። መምህሩ ማታ መጽሐፍ የሚያህል ፋይል ይልካል፤ ልጄ እሱን ለማውረድ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግታ ግቢውን ስትዞር ታመሻለች። ጎረቤት ያያት “ይህቺ ልጅ ትጸልያለች እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

በመጨረሻ ኔትወርክ የተገኘው ሱቄ ውስጥ ነው፤ ያውም ከኋላ፣ ፍራሽ በምከምርበት መጋዘን። ቦታው ሌላም ጥቅም ነበረው። ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል። በሩ ከተዘጋ ውጭ የሚጮኸው ባጃጅ አይሰማም፣ ውስጥ የሚጮኸውም ውጭ አይሰማም። በሩ ከተዘጋ።

በዚህ መሀል ሁለተኛዋ መጣች። የልጄ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከቦምቤ ወጣ ያለ ገጠር ነው የሚኖሩት። እዚያ አንድ የቴሌግራም መልእክት ለማንበብ ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ ስልኳ ደግሞ ባለቁልፍ ነው፣ ዳገት ብትወጣም ቴሌግራም አይገባባትም። አባቷ ሞቷል። ቤቱንም መሬቱንም የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ፈተና አለ ስትለው፣ “ትምህርት ቤት ተዘግቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል፤ የተዘጋ ቤት የሚፈትነው ማንን ነው?” አላት። እናቷ ለምና ለምናው፣ ወደ ሶዶ እንድትመጣ የፈቀደላት በአንድ ቃል ነው፦ ካለፈች ሲከፈት ትመለሳለች፤ ከወደቀች ወይ ከቀረች ግን ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ይህን የነገረችኝ አንድ ማዳበሪያ ቦይና፣ ጎደሬ መሆኑ ነው፣ በራፌ ላይ አውርዳ ላቧን እየጠረገች ነው።

“ታልፊያለሽ” አልኳት። ምን እንደምትፈተን እንኳ አላውቅም ነበር።

ፈተናው ምን ሆነ መሰላችሁ? በጽሑፍ ብሰጣችሁ ትኮራረጃላችሁ አለ መምህሩ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ምስለ ችሎት ይሁን፣ በስልክ፣ እኔ ዳኛ ሆኜ እሰየማለሁ፣ እናንተ ጠበቃ ሆናችሁ ትከራከራላችሁ አለ። ጉዳዩ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ አባት ይሞታል፣ ወንዶቹ ልጆች መሬቱን ይካፈላሉ፣ እህታቸው ድርሻዬን ብላ ትከሳለች። የቦምቤዋ ልጅ የእህትየዋ ጠበቃ ሆነች፤ የእኔዋ የወንድሞች።

“ምነው፣ አገሩ ላይ ሌላ ጉዳይ ጠፋ? ስርቆት የለም? ስድብ የለም?” አልኩ።

“እማ፣ አትግቢብን” አለች ልጄ። መጋዘኑ የእኔ፣ ስልኩ የእኔ፣ ካርዱ የእኔ። አትግቢብን።

ልምምዱ ተጀመረ። መስመሩ ስለማያሰማ መምህሩ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ ብሏቸው ስለነበር ሁለቱም ጨረታ እንደሚያስነግር ሰው ይጮኻሉ። ባልዲ ፈላጊ በመጣ ቁጥር የመጋዘኑ በር ይከፈታል። ደንበኛ ባልዲውን ይዞ “የአባቷን መሬት ነጥቀው ባዶ እጇን አስቀርተዋታል!” የሚለውን ሰምቶ ይሄዳል።

ከመንገዱ ማዶ ብረታ ብረት የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ። በእርሳቸው እጅ ያልታረቀ ባልና ሚስት ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ አንዳንዶቹ ሳይጣሉ ታርቀዋል። አንድ ቀን ማስካቸውን ከአገጫቸው በታች አድርገው ብቅ አሉ።

“ልጄ፣ ይህቺ የምትጮኸው ልጅ ማን ናት?”

“የልጄ ጓደኛ ናት ጋሼ። ከቦምቤ ናት።”

“ወንድሞቿን ከሰሰች?”

“ኧረ ልምምድ ነው።”

“ካልከሰሰች ለምን ትለማመዳለች?”

አስረዳሁ። ትምህርቱ በስልክ እንደሆነ፣ መምህሩ ዳኛ እንደሚሆን። እርሳቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና “ገባኝ” አሉ። “ፍርድ ቤቱ በበሽታው ምክንያት ስለተዘጋ በስልክ አደረጉት ማለት ነው።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ “የአንቺ ልጅ ከወንድሞች ጎን መቆሟ ደግ ነው። ግን ከሳሽን ቤትሽ እያበላሽ? ነውር አይሆንም?”

ቅዳሜ ገበያ ከቦምቤ የመጣች ቅቤ ሻጭ ባልዲ ልትገዛ ገባች። በሩ ክፍት ነበር። ልጅቷን አወቀቻት። ወሬ ደግሞ ማስክ አያደርግም፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ተራርቆ ይቀመጥ ቢባልም እሱ ተጠጋግቶ ሄደ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሱቄን ዘጋሁ። የተዘጋ ሱቅ ውስጥ የሴቶች ጩኸት ሲሰማ ሰው ምን እንደሚል ባውቅም ዘጋሁ። ስልኩን የፍራሽ ክምር ላይ አስቀመጥን። ልጄ ጥቁር ሻርፔን ካባ አድርጋ ለበሰችው። የቦምቤዋ ልጅ ግን ምንም አልደረበችም፤ እጇን ጭኗ መሀል ከታ ታሻለች።

መምህሩ ገባ። ከኋላው አውራ ዶሮ ይጮኻል። “ችሎቱ ተሰይሟል” አለ፤ ዶሮውም አረጋገጠ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፦ መስመር ጥሎ የጠፋ ወይም ተጠይቆ ዝም ያለ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

የከሳሽ ጠበቃ ጀመረች። መጀመሪያ ከወረቀት ላይ ታነብ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ወረቀቱን አስቀምጣ ቀጠለች። እኔም ተንፈስ አልኩ። ያን ጊዜ ነው በሩ የተንኳኳው።

ከፈት አድርጌ አየሁ። ጋሼ ናቸው፣ እርጥብ ሣር ይዘው። ሽማግሌ ብቻውን ስለማይመጣ ሌሎች ሁለት አስከትለዋል። ከእነርሱ ኋላ ደግሞ ጃንጥላ የጨበጠ፣ ፊቱ የጠቆረ ጎልማሳ ቆሟል። መልኩን ሳየው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቁርጥ እሷን ነው።

“ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ፈተና ላይ ናቸው።”

“ሳይፈረድ ነው የሚታረቀው ልጄ። ከተፈረደ በኋላማ ምን ሽምግልና አለ?”

“ችሎት አይደለም እያልኩ!”

ከውስጥ የመምህሩ ድምፅ መጣ፤ የእኔን ጩኸት የልጄ መስሎታል፦ “የተከሳሾች ጠበቃ፣ ችሎቱን አታቋርጪ!”

ጋሼ አዩኝ። ዋሾ እንደሚታይ ነው ያዩኝ። ገፋ አድርገውኝ አለፉ፤ ሰውን በክርናቸው ሰላም በሚሉበት ዘመን በዚያው ክርናቸው ገፉኝ። ፍራሹ ክምር አጠገብ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለስልኩ እጅ ነሱ።

“ክቡር ዳኛ፣ እንደምን አደሩ።”

ቀድሞ የመለሰው ዶሮው ነው።

“ማን ነው?” አለ መምህሩ።

“የአገር ሽማግሌ ነን። የእህትና የወንድም ነገር ነው፤ ለእኛ ይልቀቁልን። በቤተሰብ ይለቅ።”

አለቀላት አልኩ በልቤ። ይዘጋዋል። እሱ ግን ወጣት ነው፣ ወይ ሰልችቶት ነበር መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና “የከሳሽ ጠበቃ” አለ፣ “የእርቅ ጥያቄ ቀርቧል። ምን ትያለሽ?”

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ወንድሟ ከበሩ ላይ ያያታል። አፏን ዘጋች።

“የከሳሽ ጠበቃ? መልስ ከሌለሽ ቀሪ አድርጌ እመዘግባለሁ።”

እንደ ደንበኛ ብትሆን ኖሮ እጇን ይዤ “ውሰጂው” እላት ነበር። በሕጉ ግን የምላትን አላውቅም። ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ዓይኗን ከወንድሟ ላይ አንስታ ስልኩ ላይ አደረገች።

“ክቡር ፍርድ ቤት፣ እርቅ መልካም ነው። ነገር ግን ደንበኛዬ ለመታረቅ ልዩ ውክልና አልሰጠችኝም። ያለ እሷ ፈቃድ ልታረቅላት ሥልጣን የለኝም።” ወደ ጋሼ ዞረች። “አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“የተከሳሾች ጠበቃስ?”

አሁን የእኔዋ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በጋሼ ከረሜላ ያደገች፣ ለእርሳቸው “እንቢ” የሚለውን ቃል አውጥታ የማታውቅ። ጋሼ ሣሩን ወደ እሷ ዘረጉ።

“እርሳቸው ካሉማ...” አለች፣ “እኛ... ታርቀናል።”

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

“ተባረኪ! የጨዋ ልጅ!” አሉ ጋሼ። በስልኩ ውስጥ መምህሩ አንድ ነገር ሲጽፍ ተሰማኝ።

ክርክሩ ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ ውጡ ቢባሉ አልወጡም፤ አዲሶቹ ፍራሾቼ ላይ ተደርድረው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ወንድምየውም ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። እህቱ የአባት መሬት ለሴትም እንደሚደርስ አንቀጽ እየጠራች ስታስረዳ የጃንጥላውን እጀታ ያሽከረክር ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ነው የተናገረው።

“ይህቺ ደንበኛዬ የምትያት ማን ናት?”

“የለችም። መምህሩ የፈጠራት ናት።”

“የለችም?”

“የለችም።”

ትከሻው ወረደ። ጋሼ ሣሩን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ያገላብጡታል። ወንድምየው ግን ጥቂት አሰበና ሌላ ጥያቄ አመጣ። “ሕጉስ? እሱም የተፈጠረ ነው?”

“ሕጉ እውነት ነው። ሴትና ወንድ እኩል ነው የሚለው።”

አንደኛው ሽማግሌ ሳል ሲሉ ሁላችንም ከእርሳቸው ራቅ አልን።

“አንቺስ ትከሺኛለሽ?”

“እኔ አሁን የምፈልገው ማለፍ ነው” አለች። አልከስህም አላለችም። እኔ ልብ አልኩ፤ እሱም ልብ አለ።

“ተነሺ፣ እንሂድ” አላት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት፤ ሕግ ባላውቅ ሰው አውቃለሁ። “ቆይ እስቲ” አልኩት። “ከጎረቤትህ ጋር ድንበር ላይ ክርክር አላችሁ አይደል? ልጅቷ ነግራኛለች። እሱ ጠበቃ ይዞ ሲመጣ ማንን ልታቆምበት ነው?”

“ጠበቃ አይጠፋም እትዬ።”

“አይጠፋም። እንደ እናትህ ልጅ ግን አይሆንልህም። ደግሞ ስማኝ፣ ሕጉን እሷ አላመጣችውም። ተማረችም ቀረችም እዚያው ነው ያለው። የሚያውቀው ሰው ካንተ ቤት ይውጣ ወይስ ከጎረቤትህ ቤት? ምርጫህ እሱ ብቻ ነው።”

“እስቲ እናያለን” አለ።

“እስቲ ዞር ብዬ ልምጣ” የሚል ደንበኛ አይመለስም። “እስቲ እናያለን” እያለ ፍራሹን በመዳፉ የሚጫን ግን ገዢ ነው። እጁን አየሁት። እየተጫነ ነበር። ውጤት እስኪመጣ ትቆይ ብሎ ብቻውን ሄደ።

ውጤቱ በቴሌግራም መጣ። የቦምቤዋ ልጅ አለፈች፤ ያውም በጥሩ። የእኔዋ ግን “ያለ ውክልና ደንበኞቿን አስታርቃለች” ተብላ ድጋሚ ትፈተን ተባለ። ማን ላይ ጮኸች? እኔ ላይ! “ሽማግሌ አክብሪ ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ!” ጋሼ ይህን ሰምተው መምህሩ ዘንድ ለምልጃ ካልሄድኩ አሉ። ስልክ ቁጥሩን ደብቄ ነው ያስቀረኋቸው። በድጋሚው ፈተና ቀን በሩን ከውስጥ ቆልፌ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። አለፈች፤ ጋሼ ግን ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን በግማሽ ነበር የሚመልሱት።

በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ሁለቱም አብረው ሄዱ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ መጋዘኔን ጠረግሁ።

ስልኬ ጠራ። ወንድምየው ነው።

“እትዬ፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ጎረቤቴ በእኛ በኩል ባህር ዛፍ ተክሏል። ሕጉ ምን ይላል?”

“እኔ ፍራሽ ነው የምሸጠው!”

“የእሷ ባለቁልፍ አልነሳ አለኝ። ጠይቀሽ ንገሪኝ።”

ጠየቅሁ፤ ነገርኩት። በሳምንቱ የከብት ጥያቄ አመጣ። ከዚያ የአጎቱን። ከዚያ የባህር ዛፉ ጎረቤት ራሱ ስልኬን ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ “ያቺ የሕግ ልጅ ምን አለች?” ብሎ ደወለ። ከአንድ ደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከርኩ ስልኩ ሲጠራ አይቼ ገልብጬ ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ወንድምየው ግን ይደጋግማል። ካላነሳሁ “ይህ ትምህርት ምን ጠቀመን?” ማለቱ አይቀርም፤ እህቱ ደግሞ ገና አልጨረሰችም።

“ሃሎ” እላለሁ፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ?”