አማች ልመረምር ወደ በረዶው ተራራ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሳልጠረጥር ልጅ አልድርም። ወንድሜ ሲሞት የስምንት ዓመት ልጁን ሣራን አደራ ሰጥቶኛል። ዛሬ ፋርማሲስት ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለዮናስ ሊጠይቋት መጥተው «ምንም አይወጣለትም» ሲሉኝ ይበልጥ ተጠራጠርኩ። ምንም የማይወጣለት ሰው የት ይገኛል? አጥንቼው በሦስተኛው እሁድ መልስ እሰጣለሁ አልኳቸው።

በመሀል የዮናስ መኪና ውስጥ አንድ ፎቶ አየሁ። ፊቱ በሄልሜትና በመነጽር የተሸፈነ ሰው፣ እግሩን ስኖውቦርድ በሚሉት የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላ ላይ አስሮ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ይኸውላችሁ ጉዱ! ልጄን ገና በወጣትነቷ መበለት ሊያደርጋት ነው። ቅዳሜ ሁለቱ ሰሜን ካሮላይና ወዳለ የበረዶ ተራራ ሊሄዱ እንደሆነ ስሰማ እኔም እመጣለሁ አልኩ።

«ጋሼ፣ በጣም ኮልድ ነው፣ ትታመማለህ» አለች ሣራ። ይህም አላማረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት

ገና ሳይነጋ ከምንኖርባት ከቻምብሊ ወጣን። ለመታዘብ እንዲመቸኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዱሉዝን አልፈን ወደ ሰሜን ስንነዳ ዮናስ ከተፈቀደው ፍጥነት ንቅንቅ አላለም። ለእኔ ሲል መሆኑ አልጠፋኝም። ደቡብ ካሮላይና ቤንዚን ለመቅዳት ስንቆም የእንቁላል ሳንድዊች ገዛልንና ከኪሱ በትንሽ ብልቃጥ ሚጥሚጣ አውጥቶ አቀበለኝ። ሚጥሚጣውንም ጠረጠርኩት፤ በላሁት እንጂ።

ተራራው ላይ ስንደርስ ጥዱ አረንጓዴ፣ መውረጃው ነጭ ነበር። በረዶውን የሚረጨው ማሽን ነው አሉኝ። በረዶ በማሽን የሚሠራበት አገር ምኑ ይታመናል?

ተራራው ሥር

ኪራይና መግቢያው ለአንድ ሰው ሃምሳ ዶላር ነው። ቀጥሎ ብሰበር ብሞት አልከስም የሚል ወረቀት ሰጡን። ዮናስ መስመር በመስመር አነበበው፣ ሣራ ሳታየው ፈረመች። ጫማ የሚያከራየው ሰውዬ ደግሞ «ሄይ ሣራ!» ብሎ ቁጥሯን ሳይጠይቅ አቀበላት።

«የት ያውቅሻል?» አልኳት።

«እዚህ ሁሉም ፍሬንድሊ ነው፣ ጋሼ።»

እኔ ለጀማሪ ወደተዘጋጀችው ጉብታ ሄድኩ። «ጀስት ጉልበትህን ቤንድ አድርግ» አለኝ ዮናስ። እርስዎ ማለት እንደማያውቅ በልቤ ያዝኩበት። ወዲያው መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸ። «ኢየሱስ!» ብዬ ጮህኩ። ክፉኛ ፈራሁ፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ደስም አለኝ። በቂጤ ዘጭ ብዬ እንኳ እስቅ ነበር።

በረዶውን አራግፌ ስነሳ ሣራ የለችም። ዮናስ በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ልጄ ከተራራው ጫፍ ቁልቁል ትምዘገዘጋለች። መዝለያው ላይ ስትደርስ ተወርውራ አየር ላይ ቀረች። ለካ ፎቶው የእሷ ነው! ወደ ዮናስ ዞር ስል ዓይኑን ጨፍኗል።

«ወረደች?» አለኝ።

«ወርዳለች። አንተስ አትወጣም?»

«ኖ ዌይ! ከፍታ እፈራለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ብትወድቅስ? ማን ድራይቭ አድርጎ ይመልሳታል?»

መልስ

በመንገድ ላይ የጫማ አከራዩን ሰላምታ አስታውሼ ነገሩን ገጣጠምኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮዝዌል ፋርማሲ ተረኛ ነኝ ስትለኝ ለካ እዚህ ነበረች።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ትከለክለኛለሃ፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው፣ እከለክላት ነበር። አደራዬን አጥብቄ ስጠብቅ ልጄ እኔን መዋሸት ተማረች፤ ይህ ከውድቀቱ ይልቅ አመመኝ። የሰው ልጅ ስመረምር የራሴን ልጅ አላውቃትም። ዮናስም አብሮ መደበቁን ገና ይቅር አላልኩትም።

ቤት የገባነው ደክሞን ነው። በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ።

«እንግዲህ ልጁን አጠኑት?» አሉኝ።

«አጥንቻለሁ። ፈሪ ነው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ሣራ አንገቷን ደፋች።

«ስለዚህ ሰጥቼዋለሁ» አልኩ።