ጆሮሽ ጮኸ?

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወሎ ዘመድ ጠይቄ ካርቱም በተመለስኩ ሰሞን ወባ ጣለኝና ራሴን ሳትኩ። ሆስፒታል ውስጥ ስነቃ ጀሪፍ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ደፍታ፣ "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ጆሮሽ ጮኸ?" ትለኛለች። ባለቤቷ ከወባ የዳኑት በኩዊኒን ነው፤ ጆሯቸው እየጮኸ። ለእሷ ጆሮ የማያስጮህ የወባ መድኃኒት ውኃ ነው።

"አልጮኸም" ስላት ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም መሞቴ ነው ብዬ እጇን ጨመደድኩ።

"ዶክቶራ፣ ውኃ ነው እንዴ የወጋችኋት?"

"እማማ፣ ይሄ አርቴሱኔት ነው። ለከባድ ወባ ከኩዊኒን የበለጠ ሰው ያተርፋል፤ ጆሮም አያስጮህም" አለቻት ሐኪሟ።

አላመነቻትም። ትኩሳቴ እስኪበርድ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ጩኸቱን ስጠብቅ፣ ሁለታችንም በፍርሃት አለቅን። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ቢይዘኝ እንኳ ጥያቄዋ ያው ነበር።

አሁንም ትኩሳት ሲነካካኝ ያ ፍርሃት ይመጣል፤ ጠያቂዋ ግን የለችም።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከመተማ በወባ ታማ ተመለሰች። ያንኑ መርፌ ወጓት። የአክስቴ ባለቤት አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው ጎንበስ አሉና፣ "ጆሮሽ ጮኸ?" አሏት።

"አልጮኸም፣ አባባ።"

ከዚያ ኩዊኒን ወዲህ በደንብ አይሰሙምና ደግማ ነገረቻቸው። "አልሐምዱሊላህ" ብለው ፎጣቸውን አለበሷት።