በጉባኤው የተነሣ እጅ

እማዋይሽ ኖርዌይ ውስጥ ፉሩሴት በተባለ ሰፈር የምትኖር የአረጋውያን ተንከባካቢ ናት። አክሲዮን የገዛችበት የመርከብ ኩባንያ በየዓመቱ ከትርፉ ያካፍላታል። በ2009 ጸደይ ግን በዚያ ድርሻ የአውሮፕላን ትኬት ገዝታ፣ ነቀምት ታመው የተኙ እናቷን ልታይ ነበር።

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኩባንያው ጠቅላላ ጉባኤ ገባች። ሰብሳቢው በፈጣን ኖርዌጅኛ እሷ ያልገባትን አንድ ነገር ጠየቀ፤ አዳራሹ እጁን አነሣ። እሷም እንደ ቤተክርስቲያን ልማዷ፣ ከሰው ላለመለየት አነሣች።

ሲወጡ፣ ከኋላ ተቀምጦ የነበረውን ጎረቤቷን አብዲሳን ጠየቀችው።

“መቼ ይከፍሉናል?”

“ኩባንያው ስለከሰረ ዘንድሮ አይከፈል ተባለ እኮ፣ እማዋይ። አንቺም አጽድቀሻል።”

“ባላነሣስ?”

“ኔይ፣ አይ፣ ያው ነው። ድርሻ እንደ ደሞዝ አይደለም፤ ትርፍ ከሌለ የለም።”

በሰኔ እናቷ ዐረፉ። እማዋይሽ ዛሬም የአረጋውያኑን አልጋ ስታነጥፍ ታንጎራጉራለች፦

እጄ ሰውን አይተህ ከፍ ብለህ ወጣህ፣
የእናቴን ደጃፍ ዘግተህብኝ መጣህ።