ሽማግሌ የተላከበት ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሰሚራ ስልኳን ይዛ መጣች። ምዝገባው በስልክ ስለሆነ፣ ለልጇ ከሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምረጥ ነበረባት። “አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ፣ የቱ ይሻላል?” አለችኝ። በስደት በምንኖርበት በሜይፌር ሰፈር ይህን የምጠየቀው ብዙ ጊዜ ነው። ቶሎ አልመልስም።

እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ በእነዚሁ ሰፈሮች እየዞርኩ ትምህርት ቤት አወዳድሬ ነበር። ከስልጤ መጥቼ ጀፕስታውን በሚባለው ሰፈር በወንድሜ በሙክታር ሱቅ ብርድ ልብስ እሸጥ ነበር፤ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ጃካራንዳው አበባውን አስፋልቱ ላይ አራግፎ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ዱብ የሚልበት ጊዜ። ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ይዤ በየአጥሩ ሥር እቆማለሁ። አንደኛው ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ግን ልጆቹ ግቢው ውስጥ መላወሻ የላቸውም። ሁለተኛው ሰፊ ሜዳ አለው፤ መምህራኑ ግን ከተማሪው ቀድመው ይወጣሉ። የሦስተኛው መስኮት ውስጥ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ይታያል። እሱን መረጥኩ።

መዝጋቢዋ “ሞልቷል፣ ዕድሜሽም አልፏል” ብላ መለሰችኝ። ሙክታር ሲሰማ አልተደናገጠም። “አንቺን ብቻሽን ማን ይሰማሻል? ሽማግሌ እንልካለን” አለ።

ሐጂ ኑሪና የአዲስ አበባው ጋሽ ተካ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። ርዕሰ መምህርቷ ጠና ያለች የዙሉ ሴት ነበረች። ጋሽ ተካ ከሱቁ ደንበኞች በለመደው “ሳውቦና፣ ማማ” ሰላም አላት፤ ፈገግ ብላ ወንበር አሳየቻቸው።

“እሺታዋን ሳንሰማ አንቀመጥም በያት” አሉ ሐጂ ኑሪ።

አልኳት። እሷም ተነሳች። “አባቶች ቆመው እኔ አልቀመጥም” አለች። አራታችንም ቆምን።

“እናት አይደለች? ጉልበቷ ላይ ልውደቅ እንዴ?” አለ ጋሽ ተካ።

“ኧረ ጋሼ፣ እዚህ እንደዚያ አይደረግም” አልኩት።

“ይሄ ምን አገር ነው፣ ለልመና እንኳ የማይመች” ብሎ አጉረመረመ።

ርዕሰ መምህርቷ በቀስታ አስረዳችን። በዚህ ዕድሜ ስምንተኛ ክፍል ማስገባት የእሷ ሥልጣን አይደለም፤ መሃል ከተማ የማታ ትምህርት አለ።

“ምን አለች?” አሉ ሐጂ ኑሪ።

“አልችልም አለች።”

“አልችልም ነው ወይስ አልፈልግም?”

“አልችልም ነው፣ ሐጂ።”

ያን ጊዜ ሐጂ ኑሪ ጉልበታቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ሲቀመጥ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሙክታርም በማታ ታክሲ አልሰድሽም አለ፤ ወደ ብርድ ልብሴ ተመለስኩ። የማታ ትምህርት ቤት የገባሁት እሱ ራቅ ያለው ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ከሄደ በኋላ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ መምህር ፊት ነው።

ለሰሚራ የሦስቱንም ልዩነት አንድ በአንድ ነገርኳት። ትናንት መልሱ በስልኳ መጣ፤ ሦስቱም ሞልተው፣ ልጇ የተመደበችው እኛ ስሙን ሰምተነው በማናውቀው፣ በሩቅ ትምህርት ቤት ነው።

“ሄደን ብንለምናቸውስ?” አለችኝ።

የሚሆነውን አውቃለሁ። ግን እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ እንዴት ብዬ ልንገራት? “በጠዋት እንሂድ፤ እኔ አስተረጉምልሻለሁ” አልኳት።